የዕለቱ ንባቦች ዝምድና
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአንድ የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ የሚገኘውን የዕለት መዝገብ የገለጠ ሰው በእያንዳንዱ መስመር ላይ ብዙ ቁጥሮች ተደርድረው ያገኛል። ደረቁ ቴርሞሜትር ያሳየው ሙቀት፣ እርጥቡ ቴርሞሜትር ያሳየው ሙቀት፣ የቀኑ ከፍተኛና የሌሊቱ ዝቅተኛ፣ የአየሩ ግፊት፣ የነፋሱ አቅጣጫና ፍጥነት፣ የዳመናው ዓይነትና ብዛት፣ በመጨረሻም በዝናብ መለኪያው ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ በየዓምዱ ሰፍሯል። እነዚህን ቁጥሮች ለማግኘት ተመልካቹ በክረምት ጭቃ እየረገጠ፣ በበጋ የማለዳውን ብርድ እየተቋቋመ፣ በዓልና ሰንበት ሳይል ወደ መሣሪያዎቹ ተመላልሷል።

የመዝገቡ አነባበብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው። የዝናቡን ዓምድ የሚፈልገው የውኃ መሐንዲስ ዝናቡን ብቻ ደምሮ ይሄዳል። የሙቀቱን ዓምድ የሚፈልገው የእርሻ ባለሙያ አማካዩን አውጥቶ መዝገቡን ይዘጋል። የግፊቱን ዓምድ የሚጠይቅ ሰው ከአቪዬሽን በስተቀር እምብዛም አይገኝም። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ማለት አንዱን ንባብ ከጎረቤቱ ጋር እያገናዘበ መስመሩን የሚያነብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የአየሩ ሁኔታ የሚገኘው በዓምዱ ሳይሆን በመስመሩ ውስጥ ነው። በአገራችን የቆየ የዳኝነት ልማድ አንድ ምስክር ብቻውን ነገር አያጸናም፤ ቃሉ ከሌሎቹ ቃል ጋር መተያየት አለበት። የአየር ጠባይ ንባብም እንደዚሁ ነው። አንድ ቁጥር ብቻውን ሲቆም ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲቆም ግን ከራሱ በላይ ይናገራል።

ይህ የመዝገብ አያያዝ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ ያስፈልጋል። በደጋው ምድር በአንድ ሌሊት ውርጭ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ባቄላ ሊቃጠል ይችላል። ያን ሌሊት አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችሉት ንባቦች ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ በመዝገቡ ላይ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው። ጥያቄው እርስ በርሳቸው ተያይዘው ተነበዋል ወይ የሚለው ነው።

ሙቀትና እርጥበት

በመጀመሪያ መታየት የሚገባው የሙቀትና የእርጥበት ዝምድና ነው፤ ብዙው ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነውና። በአየር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የውኃ ተን ወሰን በሙቀቱ ይለካል። አየሩ በተን ሲጠግብ የተኑ ግፊት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 12.3 ሄክቶፓስካል ያህል ነው፤ በ20 ዲግሪ 23.4፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 42.4 ይደርሳል። ሄክቶፓስካል የሚባለው ቀድሞ ሚሊባር ይባል የነበረው ልክ ነው። እንግዲህ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ከፍ ባለ ቁጥር ወሰኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል ማለት ነው።

አንጻራዊ እርጥበት የሚባለው በአየሩ ውስጥ ያለው ተን ከዚህ ወሰን ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው መቶኛ ነው። ከዚህም የተነሣ በአየሩ ውስጥ ያለው ተን አንዳች ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት መቶኛው ከፍና ዝቅ ይላል። ለምሳሌ በአንድ ቀን ማለዳ ሙቀቱ 10 ዲግሪ፣ የጤዛውም ነጥብ 10 ዲግሪ ቢሆን አንጻራዊው እርጥበት 100 በመቶ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሙቀቱ ወደ 25 ዲግሪ ወጥቶ የጤዛው ነጥብ በ10 ቢቆይ መቶኛው ወደ 39 ይወርዳል። በእነዚህ ሰዓታት መካከል ከአየሩ የወጣ ውኃ የለም፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው።

የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ ተኑን እንደያዘ ቢቀዘቅዝ የሚጠግብበት የሙቀት ደረጃ ነው። የአየሩን ድርቀት ወይም እርጥበት በእውነት የሚናገረው ይህ ነው፤ አንጻራዊው መቶኛ ግን ስለ ውኃው የተናገረውን ያህል ስለ ሰዓቱም ይናገራል። በጠዋት የተነበበ የአንድ ጣቢያ መቶኛ ከቀትር በኋላ ከተነበበ የሌላ ጣቢያ መቶኛ ጋር ሲወዳደር የሚገኘው ልዩነት የአገሩ ሳይሆን የሰዓቱ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

በእርሻ በኩል ያለው ትርጉምም ቀላል አይደለም። በስንዴ ላይ የሚወርደው የዋግ በሽታ እንዲበቅል በቅጠሉ ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ውኃ ይፈልጋል። የወሩ አማካይ አንጻራዊ እርጥበት 65 በመቶ ነው ቢባል ለሰብል ጥበቃ ባለሙያው የሚነግረው ጥቂት ነው። የሌሊቱ ሙቀት ወደ ጤዛው ነጥብ ተጠግቶ የቆየባቸው ሰዓቶች ቢነገሩት ግን በቅጠሉ ላይ ጤዛ ስንት ሰዓት እንደተኛ ሊገምት ይችላል። ይህን ለማወቅ አዲስ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ሁለት ዓምዶችን አንድ ላይ ማንበብ ይበቃዋል።

እርጥቡ ቴርሞሜትርና ከፍታው

የጤዛው ነጥብም ሆነ አንጻራዊው እርጥበት በብዙ ጣቢያዎች በቀጥታ የሚለኩ አልነበሩም። የሚገኙት ጎን ለጎን ከተሰቀሉ ሁለት ቴርሞሜትሮች ነው። አንደኛው ደረቅ ነው፤ የሁለተኛው አምፖል ግን ውኃ በሚስብ ጨርቅ ተሸፍኗል። ከጨርቁ የሚተነው ውኃ ሙቀት ስለሚወስድ እርጥቡ ቴርሞሜትር ከደረቁ ዝቅ ይላል። አየሩ በደረቀ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል። ተመልካቹ ሁለቱን ቁጥሮች ይዞ ወደ ሠንጠረዥ ይሄድና እርጥበቱን ያወጣል።

እዚህ ላይ ሦስተኛው ምስክር ይገባል፤ እርሱም ግፊቱ ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ከጨርቁ ላይ ያለው ውኃ በቀላሉ ይተናል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ድርቀት እርጥቡ ቴርሞሜትር በደጋ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ዝቅ ይላል። በባሕር ወለል አካባቢ ላለ ግፊት የተዘጋጀ ሠንጠረዥ በደጋ ቢሠራበት አየሩን ከሆነው በላይ ደረቅ ያደርገዋል።

የስሕተቱን መጠን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። ማራገቢያ ባለው መሣሪያ ደረቁ 20 ዲግሪ፣ እርጥቡ 12 ዲግሪ ተነበበ እንበል። ግፊቱ 1,000 ሄክቶፓስካል ነው ተብሎ ቢሰላ አንጻራዊው እርጥበት 37 በመቶ፣ የጤዛው ነጥብም 5 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በአዲስ አበባ እንደሚገኘው 770 ሄክቶፓስካል ግፊት ሲሰላ ግን እርጥበቱ ወደ 42 በመቶ፣ የጤዛው ነጥብም ወደ 7 ዲግሪ ከፍ ይላል። ቴርሞሜትሮቹ ትክክል ናቸው፣ ተመልካቹም ትክክል አንብቧል፤ ውጤቱ ግን የግፊቱ ዓምድ ስለተዘነጋ በሁለት ዲግሪ ስቷል። በውርጭ ሌሊት ሁለት ዲግሪ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ታች ይታያል።

ግፊትና የደጋው ባሮሜትር

ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 የመጀመሪያውን የሜርኩሪ ባሮሜትር ከፈለሰመ ወዲህ ግፊት የአየር ጠባይ ዋና ምልክት ሆኖ ቆይቷል። በእንግሊዝ አገር አድሚራል ፊትዝሮይ እ.ኤ.አ. በ1861 ለመርከበኞች የማዕበል ማስጠንቀቂያ ማስተላለፍ ሲጀምር ከሚመረኮዝባቸው ነገሮች አንዱ በልዩ ልዩ ወደቦች የተነበበው የባሮሜትር ከፍና ዝቅ ማለት ነበር። በአውሮፓ ቤቶች ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት ባሮሜትሮች ክብ ፊታቸው ላይ «ማዕበል»፣ «ዝናብ»፣ «ለውጥ»፣ «መልካም ቀን» የሚሉ ቃላት የተጻፉባቸው ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው።

ያ መሣሪያ ወደ አዲስ አበባ ቢመጣና ለቦታው ካልተስተካከለ መርፌው ከማዕበልም ወዲያ አልፎ ይወድቃል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ በዚያ ያለው ግፊት የባሕሩ ወለል ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህንን የደጋ ባለቤት ቤት ያለ ባሮሜትርም ያውቁታል፤ በአዲስ አበባ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስለሚፈላ ንፍሮው ቆላ ከሚፈጀው ጊዜ ይበልጥ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የተዘዋወረው አንቷን ዳባዲም የተራሮችን ከፍታ ለማወቅ ውኃ እያፈላ የሚፈላበትን ሙቀት ይለካ ነበር። ሙቀት ግፊትን፣ ግፊት ከፍታን እንደሚናገር ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝም።

የጣቢያዎችን ግፊት ለማወዳደር ሁሉንም ወደ ባሕር ወለል መለወጥ የተለመደ ነው። ዝቅ ባለ አገር ይህ ቀላል ሥራ ነው። በደጋ ግን ከጣቢያው በታች፣ በተራራው ውስጥ፣ የሌለ የአየር ዓምድ እንዳለ መቁጠርና ሙቀቱንም መገመት ያስፈልጋል። የዚህ የታሰበ ዓምድ አማካይ ሙቀት በ10 ዲግሪ ቢሳት ለአዲስ አበባ የሚገኘው ውጤት በ9 ሄክቶፓስካል ገደማ ይሳሳታል። በሐሩር ክልል በአንድ ቀን በሁለት ጎረቤት ጣቢያዎች መካከል ያለው እውነተኛ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል። ስለዚህ የሙቀቱ ንባብ ሳይታሰብ ወደ ባሕር ወለል የተለወጠ የግፊት ቁጥር ብዙ እምነት አይጣልበትም።

በሐሩር ክልል ግፊት ሌላም ልዩ ጠባይ አለው። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍ፣ ሁለት ጊዜ ዝቅ ይላል። ከፍ የሚለው በጠዋቱ 4 ሰዓትና በምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ዝቅ የሚለው ከቀኑ 10 ሰዓትና ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። በጠዋቱና ከቀትር በኋላ ባለው ንባብ መካከል የ3 ሄክቶፓስካል ልዩነት ቢገኝ አያስደንቅም። የአውሮፓን ሕግ የተማረ ሰው በየቀኑ ከቀትር በኋላ ባሮሜትሩ ሲወርድ እያየ በየቀኑ ማዕበል መጣ ሊል ይችላል። የደጋው ተመልካች ግን የዛሬውን 10 ሰዓት ከትናንቱ 10 ሰዓት ጋር እንጂ ከዛሬው ጠዋት ጋር አያወዳድርም። ሰዓቱም ራሱ አንድ ምልከታ ነው።

ግፊትና ሙቀት ተያይዘው የአየሩን ክብደት ይወስናሉ። ግፊቱ 772 ሄክቶፓስካል በሆነበት ማለዳ ሙቀቱ 8 ዲግሪ ቢሆንና ከቀትር በኋላ በዚያው ግፊት 25 ዲግሪ ቢደርስ፣ አየሩ በ6 በመቶ ገደማ ይሳሳል። በዚያ ሰዓት ያለው አየር በዓለም አቀፉ መለኪያ አየር ከ3,000 ሜትር በላይ እንደሚገኘው የሳሳ ነው። አውሮፕላኑ ለመነሣት የሚያስፈልገው የመንደርደሪያ ርዝመትና ሊሸከመው የሚችለው ጭነት በዚህ ይለወጣል። ለአብራሪው ግፊቱ ብቻ ወይም ሙቀቱ ብቻ ቢነገረው አይበቃውም፤ የሚጠቅመው ሁለቱ አንድ ላይ ሲነገሩት ነው።

ዳመና፣ ነፋስና ዝናብ

ከመሬት የተነሣ አየር ሳይጠግብ ወደ ላይ ሲወጣ በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። የጤዛው ነጥብም ከእርሱ በዘገየ ፍጥነት ዝቅ ይላል። ሁለቱ የሚገናኙበት ከፍታ የዳመናው ታችኛ ገጽ ነው። የልምድ ቀመሩም አጭር ነው፤ በሙቀቱና በጤዛው ነጥብ መካከል ያለው ልዩነት በ125 ሲባዛ የዳመናው ሆድ ከመሬት ስንት ሜትር እንደሚርቅ በግምት ይገኛል። ሙቀቱ 25፣ የጤዛው ነጥብ 10 ሲሆን የዳመናው ሆድ 1,875 ሜትር ያህል ይርቃል። በክረምት ጠዋት ሙቀቱ 14፣ የጤዛው ነጥብ 12 ሲሆን ግን ርቀቱ 250 ሜትር ብቻ ነው፤ እንጦጦ በዳመና ተሸፍኖ የሚታየውም በእንዲህ ያለ ጠዋት ነው። እዚህ ላይ የዳመናው ዓምድና የቴርሞሜትሮቹ ዓምድ እርስ በርስ ይመሰክራሉ። ቴርሞሜትሮቹ ከተናገሩት ከፍታ የዳመናው ሆድ እጅግ ከራቀ ወይ ዳመናው ከዚያ መሬት የተነሣ አይደለም፣ ወይም ከንባቦቹ አንዱ ተሳስቷል።

የነጎድጓድ ዝናብ ሲመጣ መስመሩ በሙሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይለወጣል። ከዳመናው የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲደርስ ነፋሱ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ ድንገትም ይበረታል። ሙቀቱ ብዙ ዲግሪ ይወርዳል፣ አንጻራዊው እርጥበት ይወጣል፣ ባሮሜትሩም በጥቂቱ ብድግ ይላል፤ ዝናቡ ከዚህ በኋላ ወይም ከዚህ ጋር ይከተላል። ራሳቸው የሚጽፉ መሣሪያዎች ባሉበት ጣቢያ እነዚህ ለውጦች በየወረቀቱ ላይ በአንድ ሰዓት ተሰልፈው ይገኛሉ። አንደኛው ወረቀት ላይ ዝላዩ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ከተገኘ ሰማዩ ሳይሆን የመሣሪያው ሰዓት እንደዘገየ ይታወቃል።

የወቅቶችም ልዩነት የሚገለጠው በዚሁ ዝምድና ነው። በሰሜን ንፍቀ ክበብ ሐምሌና ነሐሴ የበጋ ወራት ሆነው ሳለ በደጋው ኢትዮጵያ ቀኑ የሚቀዘቅዝባቸው ናቸው። በክረምት ከደቡብ ምዕራብና ከደቡብ በኩል የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ዳመናን ያበዛል። ዳመናው ቀን ፀሐይን ይከለክላል፣ ሌሊትም መሬቱን እንደ ጋቢ ይሸፍናል፤ ስለዚህ የቀኑ ከፍተኛና የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ይቀራረባሉ። ከጥቅምት በኋላ የሰሜን ምሥራቁ ደረቅ ነፋስ ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። በሙቀቱ ዓምድ የሚታየው የከፍተኛና የዝቅተኛ ርቀት በነፋሱና በዳመናው ዓምድ የተጻፈው ታሪክ ውጤት ነው።

ስለ ዝናቡ አንድ ነገር ብቻ ማንሣት ይበቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር፣ በአንድ ሄክታር ላይ ደግሞ አሥር ሺህ ሊትር ውኃ ማለት ነው። የመለኪያው ቁጥር ግን ነፋሱ ሲበረታ ይቀንሳል፤ ነፋሱ በመለኪያው አፍ ላይ ተሻምቶ ከጠብታዎቹ ከፊሉን ይወስዳልና። ስለዚህ በወጨፎ ቀን የተጻፈው ዝናብ ከወረደው እንደሚያንስ የነፋሱን ዓምድ ያየ ብቻ ያውቃል።

የውርጭ ሌሊት

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በደጋው ምድር የሚወርደው ውርጭ የእነዚህን ሁሉ ንባቦች ዝምድና በአንድ ሌሊት ይፈትናል። ገበሬው ከፍተኛውን የአገሩን ክፍል ራሱን «ውርጭ» ብሎ መጥራቱ ጉዳዩ ምን ያህል እንደሚከብደው ያስረዳል።

ሁለት ምሽቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት ይጠቅማል። በሁለቱም ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ደረቁ ቴርሞሜትር 15 ዲግሪ ያሳያል። በሁለቱም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ነፋሱም ቆሟል። የሙቀቱን ዓምድ ብቻ የሚያነብ ሰው ሁለቱን ምሽቶች አንድ ናቸው ይላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ምሽት የጤዛው ነጥብ 8 ዲግሪ ነው፤ አንጻራዊውም እርጥበት 63 በመቶ ያህል ይሆናል። በሁለተኛው ምሽት የጤዛው ነጥብ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ነው፤ እርጥበቱም 31 በመቶ ገደማ ነው።

በመጀመሪያው ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ጥርት ያለው ሰማይ እየለቀቀ ሣሩ 8 ዲግሪ ሲደርስ ጤዛ መውረድ ይጀምራል። ተን ወደ ውኃ ሲለወጥ በውስጡ የነበረውን ሙቀት ይለቃል። አንድ ግራም ጤዛ 2,500 ጁል ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ ይህም አንድ ሜትር ኩብ የደጋ አየር ከ2 ዲግሪ በላይ ሊያሞቅ የሚበቃ ነው። ጤዛው በወረደ ቁጥር መቀዝቀዙ ስለሚገታ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ከምሽቱ የጤዛ ነጥብ ብዙ አይርቅም። ገበሬው በማለዳ እርጥብ ማሳ ያገኛል እንጂ የተቃጠለ ማሳ አያገኝም።

በሁለተኛው ሌሊት ይህ ልጓም የለም። ጤዛ እንዲወርድ ሣሩ አስቀድሞ ከዜሮ በታች መውረድ አለበት፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ የሚወርደው ጤዛ ሳይሆን ውርጭ ነው። አየሩ እጅግ ደረቅ ከሆነ ነጩ ውርጭ ጭራሽ ሳይታይ የተክሉ ውኃ ሊረጋ ይችላል። በማግሥቱ ማለዳ መሬቱ ላይ ነጭ ነገር ስላልታየ ውርጭ አልነበረም ይባላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ባቄላው ይጠቁራል።

በዚህ ላይ የመሣሪያው ቦታ መታሰብ አለበት። ቴርሞሜትሮቹ የሚሰቀሉት አየር በሚያስተላልፍ ነጭ የእንጨት ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍ ብለው ነው። ጥርት ባለና ነፋስ በሌለው ሌሊት ግን ቅዝቃዜው የሚበረታው በመሬቱ ገጽ ላይ ነው፤ የሣሩ ሙቀት ከሣጥኑ በብዙ ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ «የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት 3 ዲግሪ ነበር» የሚለው ትክክለኛ ንባብ ማሳው ላይ ከወረደው ውርጭ ጋር አይጋጭም። ነፋሱ ቢነፍስ ኖሮ የላዩንና የታቹን አየር አደባልቆ ልዩነቱን ያጠፋው ነበር። ነፋሱ ሲቆም ግን የቀዘቀዘው አየር ክብደቱን ተከትሎ እንደ ውኃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ከዳገቱ ላይ ያለው ማሳ ሲተርፍ ከሥሩ ያለው የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የውርጭን ሌሊት ለመገመት አራት ንባቦች በአንድነት ይጠየቃሉ፤ የምሽቱ ሙቀት፣ የምሽቱ የጤዛ ነጥብ፣ የሰማዩ ጥራትና የነፋሱ መቆም። አራቱም በአንድ ወገን ሲቆሙ ማስጠንቀቅ ይገባል። ከአራቱ አንዱ፣ ለምሳሌ ዳመና ወይም ነፋስ፣ በሌላው ወገን ከቆመ አደጋው ይቀንሳል። የእርጥቡ ቴርሞሜትር ሠንጠረዥ ለከፍታው ሳይስተካከል ቀርቶ የጤዛውን ነጥብ በሁለት ዲግሪ ዝቅ ቢያደርገው ማስጠንቀቂያው ያለ ምክንያት ይወጣል። ማስጠንቀቂያው በከንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ከወጣ ገበሬው በአራተኛው አያምነውም። ችግኙን በገለባ ለመሸፈን፣ መስኖ ያለውም ሙቀት እንዲይዝ መሬቱን አስቀድሞ ለማርጠብ የሚነሣው ባመነ ጊዜ ነው። ስለዚህ በስሕተት የተነገረ ማስጠንቀቂያ የሚያሳጣው የአንድ ቀን ድካም ብቻ ሳይሆን የሚቀጥለውን ማስጠንቀቂያ ተሰሚነትም ጭምር ነው።

መዝገቡን በመዝገቡ መመርመር

የንባቦቹ ዝምድና ሁለተኛ ጥቅም ስሕተትን ማጋለጡ ነው። እርጥቡ ቴርሞሜትር፣ ጨርቁ በበረዶ ከሚሸፈንበት ሁኔታ በስተቀር፣ ከደረቁ ሊበልጥ አይችልም፤ በልጦ ከተጻፈ ሁለቱ ተለዋውጠዋል ወይም አንደኛው በትክክል አልተነበበም። የዕለቱ ዝቅተኛ ሙቀት በዚያው ዕለት ከተነበበው ደረቅ ሙቀት ሊበልጥ አይችልም። በጥር ወር፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አንጻራዊ እርጥበት 100 በመቶ ተብሎ ከተጻፈ አየሩ አልጠገበም፤ በእርጥቡ ቴርሞሜትር ላይ ያለው ጨርቅ ደርቋል። የዝናቡ ዓምድ 20 ሚሊ ሜትር እያለ የዳመናው ዓምድ ሌሊቱን ሙሉ ባዶ ሰማይ ካለ፣ ዝናቡ የተለካው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ የማን ቀን ዝናብ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬም አላረጁም። የሚናማታ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2013 ከተፈረመ ወዲህ የሜርኩሪ መሣሪያዎች በኤሌክትሮኒክ እየተተኩ ናቸው። ራሳቸው የሚለኩና የሚያስተላልፉ ጣቢያዎችም በደቂቃዎች ልዩነት ቁጥር ይልካሉ። የቁጥሩ ብዛት ግን ማስተዋልን አይተካም። የእርጥበት መለኪያው አቧራ ሲለብስ፣ የዝናብ መለኪያው አፍ በቅጠል ሲደፈን፣ ጣቢያው ያለ ዕረፍት የተሳሳተውን ቁጥር መላኩን ይቀጥላል። ቀድሞ ተመልካቹ በመዝገቡ ጠርዝ ላይ «ጨርቁ ተለውጧል»፣ «ሌሊት ነጎድጓድ ተሰምቷል» ብሎ ይጽፈው የነበረውን ማስታወሻ መሣሪያው አይጽፍም። ስለዚህ አንዱን ንባብ በሌላው የመመርመሩ ሥራ ከጣቢያው ወደ ቢሮ ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፣ በየጣቢያው የሚገኘው የእርጥበት ሠንጠረዥ ወይም ቀመር ለቦታው ግፊት የተዘጋጀ መሆኑ ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ መረጃ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓምድ ብቻ ሲጠይቁ ጎረቤቱ ዓምድ አብሮ ይሰጣቸው፤ ለእርሻ ባለሙያው ከሙቀቱ ጋር የጤዛው ነጥብ፣ ለውኃ መሐንዲሱ ከዝናቡ ጋር ነፋሱ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ አዲስ ተመልካች ሲሠለጥን መሣሪያ ማንበብን ብቻ ሳይሆን መስመር ማንበብን ይማር፤ ጽፎ ከመዝጋቱ በፊት «እነዚህ ቁጥሮች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ?» ብሎ ይጠይቅ።

በ1973 ዓ.ም. ራሱን ችሎ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ከእርሱም በፊት በአቪዬሽን ሥር የነበረው አገልግሎት፣ ያከማቹት መዝገብ በብዙ ተመልካቾች እግርና እጅ የተጻፈ ነው። አንድ ተመልካች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የጻፈው የጤዛ ነጥብ ከጎኑ ካለው ነፋስና ዳመና ጋር ካልተነበበ ግማሽ ድካሙ ባክኗል። ከተነበበ ግን በሚቀጥለው ኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ በቆመ ምሽት፣ አንድ ማሳ ሊያድን ይችላል።